«ሉሲ»ን ያየ ሰው ያስረዳኝ፦ መብራት ጠፍቶ ቢቀር ይሻል ነበር

የአዌቱ ዳር ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4:10

ሰላም ጅማዎች። ፊልም የሚወድ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ትናንት ማታ «ሉሲ»ን አየሁ። አዎ፣ የቆየ ነው፤ በፈረንጆች 2014 የወጣ። እስካሁን አምልጦኝ ነበር። የሰፈሬን ልጅ 16 ጊጋ ፍላሽ ተውሼ መርካቶ አንድ ፊልም የሚጭን ልጅ ጋ ሄድኩ። «ይሄን ሳታይ ፊልም አያለሁ እንዳትል» ብሎ ጫነልኝ። እኔም ስሙን ሳይ ጓጓሁ። ሉሲ ማለት የኛዋ ድንቅነሽ አይደለች? ስካርሌት ዮሃንሰን አለችበት፣ ሞርጋን ፍሪማን አለበት፣ የኮሪያው ቾይ ሚን ሲክ ቦሱን ሆኖ ይሠራል። ዳይሬክተሩ ሉክ ቤሶን ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ምን ሊበላሽ ይችላል አልኩ።

ቤት ውስጥ እኔ፣ እናቴ እና ከአጋሮ ለጥየቃ የመጣች አክስቴ ነበርን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቡና ተፈልቷል፣ ቶና ላይ ነን። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እኔ እየተረጎምኩ ነው።

አጀማመሩ አሪፍ ነው። ሉሲ ታይፔ የምትኖር አሜሪካዊት ተማሪ ናት። በቅርብ የተዋወቀችው ወንድ እጇ ላይ ቦርሳ በካቴና አስሮ ሆቴል ውስጥ ይልካታል። ቦርሳው ውስጥ ሰማያዊ ዕፅ አለ። ወንበዴዎቹ ሆዷን ቀደው አንድ ከረጢት ይከቱባታል፣ አውሮፓ እንድታደርስላቸው። ከዚያ አንዱ ሆዷን በእርግጫ ሲላት ከረጢቱ ይቀደዳል። ዕፁ ደሟ ውስጥ ይገባል። ፊልሙ ሰው ከአእምሮው የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው ይላል፤ የሷ ግን ከ10 በመቶ ተነስቶ ወደ 100 መቁጠር ይጀምራል። አክስቴ ሲኒዋን ይዛ ሳትጠጣው ቀዘቀዘባት።

ከዚያ ልጅቷ ወደ ቦሱ ትመለሳለች። ጠባቂዎቹን ትጨርሳለች። የሱን ሁለት እጆች በጩቤ ወንበሩ ላይ ትቸነክራለች። ጭንቅላቱን ይዛ ሐሳቡን ታነባለች። ከዚያ ከነነፍሱ ትታው ትወጣለች።

ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ።

አንድ ሰዓት ያህል በሻማ ተቀመጥን። ሥራ የለ፣ የፊልሙን ቀሪ መገመት ጀመርን። አክስቴ «ሳትገድለው የወጣችው ሆን ብላ ነው፤ ሰውየው ተከትሏት እንዲመጣ ትፈልጋለች፤ አንድ ነገር አስባለች» አለች። እናቴ ደግሞ «የለም፣ አወቀች አይደል? ያወቀ ሰው መግደል ይከብደዋል» አለች። እኔ ፕሮፌሰሩን ጠረጠርኩ። «ሞርጋን ፍሪማን ዕፁን የሠራው እሱ ነው» ብዬ ተወራረድኩ። በረካው ሲቀዳ ፊልሙን በሦስት ዓይነት ጨርሰነው ነበር።

መብራት መጣ። ከገመትነው አንዱም የለበትም።

ቦሱን የተወችው ያለምክንያት ነው። ሰውየው እጁን ጠቅልሎ ፓሪስ ድረስ ጦር ይዞ ይመጣባታል፤ ፊልሙ ተኩስ ስለሚያስፈልገው ብቻ። ፕሮፌሰሩ ዕፅም አልሠራ፣ ምንም አልሠራ። ቆሞ ያያል። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ኋላ ዘመን ትነጉዳለች። ዳይኖሰር ታገኛለች። ድንቅነሽን ታገኛለች። ከዚያ ጥቁር ነገር ሆና ኮምፒውተሩን ሁሉ ትውጥና ትጠፋለች። ለፕሮፌሰሩ የምትተውለት አንድ ፍላሽ ነው። ፍላሽ!

አክስቴ ዝም ብላ ቆየችና «ሁሉን አውቃ ፍላሽ ሆነች?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ቶና | ሐሙስ፣ ማታ 4:22

ሃሃሃሃ። አክስትህን ለአንድ ሳምንት አውሰን።

ፈንዲሻ | ሐሙስ፣ ማታ 4:31

አይ እናንተ። ወንድሜ፣ ሳይ-ፋይ እኮ ነው! ሰው ዘና ሊል ነው የሚያየው። ሎጂክ ከፈለግክ የሒሳብ መጽሐፍ ክፈት። ፊልሙ በ40 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ450 ሚሊዮን በላይ ነው ያስገባው። ያ ሁሉ ሕዝብ ተሞኝቶ ነው? አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ አያንዛዛም፣ ተኩስ አለው፣ ፓሪስ ላይ የመኪና ማሳደድ አለው። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ባየው አይሰለቸኝም። አክስትህን አከብራለሁ፤ ግን ለእሷ የተሠራ ፊልም አይደለም።

ባለ ሦስት እግር | ሐሙስ፣ ማታ 4:50

ፈንዲሻ፣ «ሳይ-ፋይ ነው» ማለት ማምለጫ አይሆንም።

እኛ በተረት ያደግን ሰዎች ነን። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» ተብሎ ጦጣ ማውራት ስትጀምር «እንዴት ታወራለች?» ያለ ልጅ አለ? የለም። ጦጣዋ ታውራ። ግን ጅቡ ሆዳም ሆኖ ከገባ ሆዳም ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚታለለውም በሆዱ ነው። መሃል ላይ ድንገት ጾመኛ ቢሆን ልጅ ሁሉ ይነሳበታል።

አያቴ አንዴ ተረት እያወራችልን እንቅልፍ ይዟት ነገሩ ተምታታባት። መጀመሪያ ላይ የተበላችው አህያ መጨረሻ ላይ ተነስታ ውሃ ልትጠጣ ወረደች። አራታችንም ጮህንባት። «አህያዋ እኮ ተበልታለች!» እሷም «ውይ፣ እውነታችሁን ነው» ብላ አስተካከለችው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አህያ አውርታ ምንም ያላልኩት ልጅ፣ የተበላች አህያ ስትመለስ አላስችል አለኝ።

ቤሶን አጠገቡ የሚቀሰቅሰው ልጅ አልነበረም። ሌላ ጥፋት የለውም።

የአዌቱ ዳር ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4:58

«የተበላች አህያ» የሚለውን ወሰድኩት። ከዛሬ ጀምሮ ለቀሽም ፊልም መጠሪያዬ ነው።

ሌሊት ተረኛ | ሐሙስ፣ ሌሊት 6:35

ተረኛ ነኝ፣ ዋርዱ ጸጥ ብሏል። ልጻፍ።

እኔ ነርስ ነኝ። እኔን ያበሳጨኝ የሆስፒታሉ ትዕይንት ነው። ሉሲ ሽጉጥ ይዛ ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች። ጠረጴዛው ላይ ሰው ተኝቷል፣ ሐኪሞቹ እየሠሩለት ነው። የሰውየውን ፎቶ ታያለች፣ ዕጢው ሩቅ ሄዷል ብላ ትወስናለች፣ በጥይት ትገድለዋለች። ከዚያ ቦታው ላይ እሷ ትተኛለች። ቀዳጅ ሐኪሙ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ደንግጦ ተረጋግቶ ይቀዳታል። ፊልሙ ይቺን ልጅ እንድንወዳት ነው የሚፈልገው። ቀደም ብሎ ደግሞ እንግሊዝኛ አልችልም ያለ ባለታክሲ በጥይት መታለች። እዚህ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ እንግሊዝኛ ካልቻለ ይመታ ማለት ነው?

አሁን ወደ 10 በመቶው። ፈንዲሻ «ዘና በሉ» ብለሃል። በዚህ ግን ዘና ማለት አልችልም፤ ቤተሰብ እየመጣ ይጠይቀኛል።

አእምሯችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ነገር ይህን ያህል አይበላም። ስንተኛ እንኳ ይሠራል። ሁሉም ክፍሉ በየተራውና በየድርሻው ሥራ አለው።

ይሄ የመጽሐፍ ነገር ከመሰላችሁ ዋርድ ኑ። ስትሮክ የመታው ሰው ይመጣል። የተዘጋችው ቀጭን የደም ሥር ናት። ሰውየው ግን ግማሽ ጎኑ አይታዘዘውም፣ የልጁን ስም መጥራት አቅቶታል። 90 በመቶው ትርፍ ቢሆን ኖሮ ከአሥር ስትሮክ ዘጠኙ ትርፉ ላይ ያርፍና ሰዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ሌላም አለ። ብዙ የአእምሮ ሴሎች ባንድ ጊዜ፣ ባንድነት ቢተኩሱ ምን እንደሚሆን ማየት ትፈልጋላችሁ? እሱን እናውቀዋለን። የሚጥል በሽታ ይባላል። በግንብ ውስጥ ማየት አይደለም፤ መውደቅ ነው። የታመመውን ሰው ደግሞ አንዳንዱ ክብሪት እየጫረ ያሸተዋል። ያንን ስናስተው ነው የምንውለው፣ እናንተ ደግሞ 100 በመቶ ትሉኛላችሁ።

ዕፁን በተመለከተ፣ ሐኪሙ «እርጉዝ ሴት በጥቂቱ የምታመነጨው ነው» ብሎ ያብራራል። ስሙም ዕፁም የፊልሙ ፈጠራ ናቸው። እሱን ይቅር ብያለሁ።

መጣሁ፣ ጥሪ አለ።

ቶና | ዓርብ፣ ጠዋት 1:15

ሲስተር፣ ይሄን ጽሑፍ አትሜ ቤቴ በር ላይ ልለጥፈው ነው። ታላቅ ወንድሜ «በመቶኛዬ ልሥራበት» እያለ ሌሊት የሚያዳምጠው ትምህርት አለ።

ፈንዲሻ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:05

እህቴ ነርሷ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ይሆናል። ግን ዳይሬክተሩም እኮ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ራሱ ተናግሯል። ፈጠራ ነው። «ቢሆንስ?» ነው ያለው።

ሌሊት ተረኛ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:20

«ቢሆንስ» ቢል ኖሮ እሺ። ታዲያ ሞርጋን ፍሪማንን ሙሉ ልብስ አልብሶ አዳራሽ ውስጥ ፕሮፌሰር አድርጎ ለምን ያስተምርብናል? ዶልፊን 20 በመቶ ትጠቀማለች ይለናል እኮ። በዚያ ድምፅ! እኔ ራሴ ለአንድ አፍታ አምኜው ነበር። ልተኛ ነው፣ አትጥሩኝ።

ጠመኔ | ዓርብ፣ ቀን 7:40

አስተማሪ ነኝ። 10 በመቶው ክፍሌ ውስጥ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል። ባለፈው አንዱን ተማሪ የቤት ሥራውን ለምን አልሠራህም ብለው «ቲቸር፣ እኔ ገና 8 በመቶ ላይ ነኝ» አለኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላክልላችሁ። የሃርቫርዱ ዊልያም ጄምስ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰው ካለው የአእምሮ አቅም ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ቁጥር አልሰጠም። ስለ ስንፍናና ስለ ጉብዝና ነው የሚያወራው። በ1936 ሎዌል ቶማስ የተባለ ጋዜጠኛ ለአንድ የታወቀ ራስን የማሻሻያ መጽሐፍ መግቢያ ሲጽፍ የጄምስን ሐሳብ ጠቅሶ አሥር በመቶ የምትለዋን ጨመረባት። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት። አቅም የሚለው ቃል ወድቆ ሥጋው ቀረ፤ የአእምሮ አንድ አሥረኛ ሆነ።

ጋሽ ዘማች | ዓርብ፣ ማታ 1:30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ስለ ፊልም ብዙ አላውቅም። ይሄን ልጄ አሳይታኝ አይቼዋለሁ፣ መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። ግን ስሟን ስላነሳችሁ ዝም አልልም።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ያ ወጣት ልጅቷን «የመጀመሪያዋ ሴት ስሟ ሉሲ ነበር» ይላታል። ውሸት ነው። የመጀመሪያ አይደለችም። ከእሷ የምትበልጥ አርዲ አለች፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ እዚያው አፋር። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ቡድኑ ዲኪካ ላይ ያገኟት ሕፃኗ ሰላም እንኳ በዕድሜ ትቀድማታለች።

ኅዳር 1967 እኔ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነበርኩ። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ልንሄድ እንጠብቃለን። ኅዳር 14 ሌሊት ስድሳዎቹ ተገደሉ። በማግሥቱ፣ ኅዳር 15፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ የእሷን ክንድ አጥንት አዩ። አገሩ ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። እዚያ በረሃ ውስጥ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛች ሴት ብቅ አለች። ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን መሆናቸውን ያወቅሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ያን ዕለት ያልተኛሁ ሰው ነኝ፣ ስለ እሷ ግን የሰማሁት ነገር አልነበረም። ሉሲ ያሏት ካምፑ ውስጥ ሲጫወት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ነው። እኛ ድንቅነሽ አልናት።

ፊልሙ ባያስተኛኝ ኖሮ የምጠይቀው ይሄን ነበር። ድንቅነሽ የታወቀችው በጭንቅላቷ አይደለም። ጭንቅላቷማ ትንሽ ነው፤ ከኛ ሲሦ ቢሆን ነው። ቁመቷም አንድ ሜትር ከምናምን ነው፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ። የታወቀችው በጉልበቷ ነው። ጉልበት ስል ኃይል ማለቴ አይደለም፣ እግር የሚታጠፍበትን። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንት ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር አሳየ። ያኔ ብዙ ሰው መጀመሪያ አእምሮ ትልቅ ሆነ፣ ከዚያ ቆመን ሄድን ብሎ ያስብ ነበር። እሷ ገለበጠችው። መጀመሪያ ተራመድን። አእምሮው ሚሊዮን ዓመታት ዘግይቶ መጣ።

እንግዲህ አስቡት። ስለ አእምሮ ትልቅነት ፊልም ሠርተው ስም ሲያጡ፣ አእምሮ ሳይተልቅ ሰው መሆን እንደተጀመረ ያስመሰከረችውን ሴት ስም ወሰዱ።

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱና እዩዋት። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፣ ዋናው ተቆልፎበታል። ቢሆንም ይበቃል።

የአዌቱ ዳር ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 1:52

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ስሟን ሰምቼ ነው ፊልሙን የጫንኩት፣ እርስዎ ያሉትን አንዱንም አላውቅም ነበር። የጉልበቷን ነገር ለአክስቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። «እኔም የምታወቀው በጉልበቴ ነው፣ አሁን ግን እያመመኝ ነው» አለች።

ቶና | ዓርብ፣ ማታ 2:00

እኔ ያቺ ትዕይንት ናት የገደለችኝ። ድንቅነሽ ምስኪኗ ወንዝ ወርዳ ውሃ እየጠጣች ነው። አንዲት ፈረንጅ በቢሮ ወንበር ተቀምጣ ከች ትልባታለች። ጣቷን ዘርግታ ጣቷን ትነካታለች፣ ልክ እንደ ሚካኤል አንጄሎ ሥዕል። እሺ፣ ከዚያስ? ምንም። ሰላምታ ብቻ። ሦስት ሚሊዮን ዓመት ተጉዘሽ መጥተሽ «እንደምን ዋልሽ» እንኳ አይባልም?

ከኪቶ ፉርዲሳ | ዓርብ፣ ማታ 2:45

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ፣ ግን ይሄን ክር ትቼ መተኛት አልቻልኩም።

የአክስትህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ላንሳው። ሁሉን የምትችል ሰው ምን ያስፈራታል? ስሪለር ማለት እኮ ስጋት ነው። «አሁን ተያዘ፣ አሁን አመለጠ» ነው። ይቺ ልጅ የስልክ ሞገድ በዓይኗ ታያለች። ሰው ሳትነካ አየር ላይ ትሰቅላለች። ፀጉሯን በሐሳብ ትቀይራለች። መኪና ነድታ ሳታውቅ ፓሪስን በተቃራኒ መስመር ትነዳለች። ኮሪደር ላይ የመጡባትን ወንበዴዎች አንድ ባንድ ጣሪያ ላይ ለጥፋለች። ታዲያ መጨረሻ ላይ ፖሊሶቹ ከወንበዴዎቹ ጋር ግማሽ ሰዓት ለምን ይታኮሳሉ? አንዴ ብድግ ብላ ሁሉንም ጣሪያ ላይ ለጥፋ ወደ ወንበሯ ብትመለስ ምን ነበረበት? እዚያ የሚሞቱት ፖሊሶች ያሳዝኑኛል። በከንቱ ነው የሞቱት። ግብፃዊው አምር ዋክድ የሚሠራው ፖሊስ ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ ብቸኛው ጤነኛ ሰው ነው፣ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» የሚል ፊት አለው።

ስጋቱ ሲያልቅባቸው ምን አደረጉ? ቁጥር አመጡ። ስክሪኑ ላይ 20 በመቶ፣ 40 በመቶ እያለ ይጽፋል። ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው ስል፣ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የኮፒ መስመር ሲሞላ ነው ያየነው። 100 ሲሞላ ፍላሿን ነቅሎ ሰጠን።

ፍላሿን በተመለከተም ጥያቄ አለኝ። የአጽናፈ ዓለሙ እውቀት በሙሉ አንድ ፍላሽ ላይ። ፎርማቷ ምንድን ነው? ፋት 32 ከሆነች ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አትቀበልም።

መርካቶ ጫኝ | ዓርብ፣ ማታ 3:10

አለሁ፣ አለሁ። የጫንኩለት እኔ ነኝ። ስሜን ስታነሱ ጆሮዬ ጮኸ።

መጀመሪያ ፋት 32 ያልከው ልጅ፣ ነፍስህን ይማረው፣ በቀን አሥር ሰው ነው በሷ የሚጨቀጭቀኝ። «ፊልሙ አልገባልህም አለ» ይላሉ። ፎርማት ቀይር ስትለው ፎቶዬ ይጠፋል ይላል።

አሁን ስለ «ሉሲ»። እኔ ፊልም የምመክረው ሰው ሲመለስ በሚያሳየኝ ፊት ነው። ለዚህ ፊልም ተመልሶ የተሳደበ የለም። እውነት ለመናገር ተመልሶ ያመሰገነም የለም። መጀመሪያው ያዝ ያደርጋል፣ ፖስተሩ ያምራል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ግን። እኔ ይሄን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት፣ በአማርኛ ትርጉም ነው። ተርጓሚው ቦሱን ትታ ስትወጣ ዝም አላለም። «አሁን አልገድልህም፤ ሰዎችህ የት እንዳሉ አንተው ትመራኛለህ» አስባላት። ቤቱ አጨበጨበ። እንግሊዝኛውን ኋላ ሳየው ልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር አላለችም። ተርጓሚው ነው ከራሱ ያዋጣው።

ባለ ሦስት እግር | ዓርብ፣ ማታ 3:18

ይሄ እኮ የአክስቲቱ ግምት ነው! ቃል በቃል!

አያችሁ? ተርጓሚው አህያዋ መበላቷን አይቷል። ቀስቃሹ ልጅ እሱ ነው።

ፈንዲሻ | ዓርብ፣ ማታ 3:40

ኧረ በቃችሁ፣ ልጅቷን ገደላችኋት። እሺ፣ መጨረሻው ይበላሻል፣ አምኛለሁ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እኔም ስልኬን ማየት ጀምሬ ነበር። ግን ሁሉ ነገሩ ቀሽም ነው አትበሉ። ለእናቷ የደወለችበትስ?

የአዌቱ ዳር ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 4:05

ፈንዲሻ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። እሱን ሳልጽፈው ቀረሁ።

ነርሷ ያነሳችው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። ሆዷ እየተቀደደ ስልክ ይዛ እናቷን ታወራለች። ሁሉ ነገር ትዝ እያላት ነው። የጡቷ ወተት ጣዕም ሳይቀር ትዝ እንዳላት ትነግራታለች። ሕፃን ሆና የሳመቻትን መሳም ሁሉ። እናትየው ወዲያ ማዶ ሆና ምን እንደሆነ አልገባትም። ልጄ ደህና ናት ብላ ነው የምታወራው። እኔ ይህቺን ስተረጉም ድምፄ ተያዘ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ቶሎ ወደ ቲቪው ተመለሰች።

እዚያ ላይ ሳይንሱ ልክ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። አክስቴ እንኳ። ልጅቷ እየሄደች ነው፣ እናቷ አታውቅም። አንዲት የምትጠፋ ነገር አለች። ከዚያ በኋላ ባለው ፊልም ውስጥ የሚጠፋ ነገር የለም፣ እሷ ራሷ እንኳ ስትጠፋ «በሁሉም ቦታ አለሁ» የሚል መልእክት ስልክ ላይ ትልካለች። ባልሞተ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

ለእናቷስ? ተመልሳ አልደወለችላትም እኮ። በሁሉም ቦታ ከሆነች እናቷ ጋም አለች። አንድ ደቂቃ እሱን ቢያሳዩን እኔ ዳይኖሰሩን ሁሉ እምርላቸው ነበር።

ሌሊት ተረኛ | ዓርብ፣ ሌሊት 5:20

ዛሬም ተረኛ ነኝ። የእናትየዋን ስልክ እኔም ወድጄዋለሁ፤ ትናንት ተናድጄ ስለነበር አልጻፍኩትም። ያለ ማደንዘዣ የሚቀደድ ሰው እንደዚያ ተረጋግቶ አያወራም የሚለውን ግን ሳልናገር አልቀርም።

አወያይ | ዓርብ፣ ሌሊት 5:30

ክሩ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ። መጨረሻውን የምትነግሩ ሰዎች ግን ርዕሱ ላይ ብታስጠነቅቁ ጥሩ ነው። አንድ ሰው በግል ጽፎ ወቅሶኛል።

ቶና | ዓርብ፣ ሌሊት 5:34

አሥር ዓመት ያለፈው ፊልም እኮ ነው፣ አወያይ። ያውም መጨረሻው ቢነገረውም የሚገባው አይመስለኝም።

ቆጪ ነኝ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:00

ይቅርታ፣ ስለ ፊልሙ አይደለም። ያ 16 ጊጋ ፍላሽ የኔ ነው። «ለአንድ ቀን» ነበር የተባለው።

የአዌቱ ዳር ልጅ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:12

ውይ፣ ይቅርታ ወንድሜ። ዛሬ ከሰዓት አመጣልሃለሁ። «ሉሲ»ን ላጥፋው ወይስ ከነእሷ ልስጥህ?

ቆጪ ነኝ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:15

አታጥፋው። ክሩን ለእናቴ አንብቤላት ልየው ብላለች። እስከ ስልኩ ድረስ አሳያትና መብራቱን እኔው አጠፋዋለሁ።